የማዶው እግር

ቶኪጂ ናጋኦ የሞተው በገዛ ጋራዡ፣ የገዛ ወንድሙ ትንሽ ጂፕ ደረቱ ላይ ወድቃበት ነው። ከሥሯ ጎትተው ሲያወጡት ዓይኑ ፈጦ፣ አፉ ደግሞ ሰው ሊሰድብ እንደተዘጋጀ ተከፍቶ ቀርቶ ነበር። ብርድ ልብስ አልብሰው ሲሚንቶው ላይ አጋደሙት፤ ቦት ጫማው ብቻ እንደተወለወለ ወጥቶ ይታያል። ለሟች አንቱታ እንደሚገባ አውቃለሁ። ምላሴ እምቢ ስለሚለኝ አንተ እያልኩ እቀጥላለሁ።

በመንደራችን በሂኖሳዋ እንዲህ ያለ ሞት ለማንም ይደርሳል ቢባል እናምን ነበር፤ ለቶኪጂ ግን በጭራሽ። ሰውየው ያለ ጥንቃቄ ብሎን አይነካም። መኪና ሥር ከመግባቱ በፊት ቀጥ ብሎ ይቆምና፣ እንደ ባቡር ነጂዎቻችን ጣቱን ቀስሮ እያንዳንዱን ነገር እየጠቆመ ይጠራል። «ታኮ፣ ደህና! የኔ ወገን እግር፣ ደህና! የማዶው እግር?» እግር የሚለው መኪናዋ በክሪክ ከተነሳች በኋላ በግራና በቀኝ ከሥሯ የሚቆመውን የብረት ድጋፍ ነው። ክሪክ ቢከዳ እግር አይከዳም። የማዶው እግር ግን እሱ ከቆመበት አይታይም፤ ስለዚህ ያንን የሚያይለት ሌላ ሰው ያስፈልገዋል። ያ ሰው ሚስቱ ሳዮ ነበረች። ወጥ ቤቷ ከጋራዡ ጀርባ ነው፤ በመስኮቱ አሻግራ ታይና «ደህና!» ብላ ትጮኻለች። እሷ ሳትመልስ አይገባም። ከዘገየች ደግሞ ስድቡ እስከ ድልድዩ ይሰማል።

ጥሪው የሚያበቃው በሌላ ቃል ነበር። «ታኩማን አንምሰል!» ይላል። ሳዮም «አንምሰል!» ትላለች።

ታኩማ የሁለቱ አንድ ልጅ ነበር። ከዓመታት በፊት እዚያው ጋራዥ ውስጥ መኪና ወድቃበት ሞተ፤ መኪናዋ እንዳትንሸራተት ጎማው ሥር የሚደረገውን ታኮ ሳያደርግ ገብቶ ነው ተባለ። አባትየው አንድ የእንጨት ታኮ ግድግዳው ላይ ሰቅሎ ከሥሩ «ልጄ ያላደረገው ታኮ» ብሎ ጻፈበት። ከዚያ ወዲያ በየከተማው እየተጠራ ስለ ጥንቃቄ ንግግር ያደርግ ጀመር፤ ሰው አለቀሰለት፣ ሽልማት ተሰጠው። እናትየው ደግሞ በየማለዳው የሞተ ልጇን ጥፋተኛነት ጮኻ እንድትመሰክር ተፈረደባት። እኛ ጎረቤቶቿም ለመድነውና ሩዝ የምንጥድበት ሰዓት አደረግነው።

ኢንስፔክተር ሺራኪ ከአውራጃው ስትደርስ የሠፈሩ ፖሊስ ሶዳ ሥራውን ጨርሶ ነበር። ሺራኪ ጡረታዋ የቀረበ፣ አንድ ጉልበቷን የምታነክስ፣ ከኪሷ የተቆላ አኩሪ አተር የማይጠፋ ሴት ናት። በረዶውን ከጫማዋ አራግፋ ስትገባ መጀመሪያ ያየችው ሬሳውን ሳይሆን ሲሚንቶው ላይ የተንበረከከውን ሰው ነው። ጁንጎ ይባላል፤ የጋራዡ ብቸኛ መካኒክ። አርባ ዓመት አልፎታል፤ አፍንጫው ላይ ሊድን የተቃረበ የተላጠ ቁስል አለ።

«ማን ነው ያንበረከከው?» አለች።

«ማንም፤ እራሱ ነው» አለ ሶዳ። «ጥፋቱን አምኗል። ጠዋት ጂፗን አንስቶ ሁለት እግር ማቆም ሲገባው አንዱን ብቻ አቁሞ ዕቃ ሊያመጣ ሄደ። ክሪኩ ያረጀ ነው፤ ቀስ እያለ ወረደ። በማዶው በኩል የሚይዛት ስላልነበረ ተገለበጠችበት። በቸልተኝነት ሰው መግደል ነው። ይታሰራል፣ ፈቃዱም ይነጠቃል። እርስዎ ከፈረሙልኝ ከምሳ በፊት እወስደዋለሁ።»

ጁንጎ አንገቱን ደፍቶ «ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። ደግሞ አለው፤ ደግሞ። ሺራኪ ተነስ ብትለው አልነሳም አለ። ጉልበቷ እያመማት እሷው አጠገቡ ቁጢጥ አለች።

«እግሩን አለማቆምህን ታስታውሳለህ?»

«ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ አገኘሁት። እንግዲህ ረስቼዋለሁ ማለት ነው።»

«ያልኩህ እሱን አይደለም። መርሳትህን ታስታውሳለህ?»

ጁንጎ ግራ ገባው። «ሁለቱንም ያቆምኩ መስሎኝ ነበር። ግን ጋሼ ሁልጊዜ አንተ ትረሳለህ ይሉኝ ነበር።»

ሰው ከረጅም ጊዜ ስድብ በኋላ የገዛ ዓይኑን ማመን ይተዋል። ሺራኪ ይህን ታውቃለች፤ ስለዚህ ወደ ሌላ ጥያቄ አለፈች።

«ስትመለስ ጂፗ ላዩ ላይ ነበረች። እንዴት አነሳሃት?»

«በዚሁ በክሪኩ። መጀመሪያ አልነሳ አለኝ። የክሪኩን መልቀቂያ ዘንግ አዙሬ ሳጠብቀው ተነሳ።»

«ላልቶ ነበር?»

«አዎ፤ ተፈትቶ ነበር። እሱ ሲፈታ ክሪኩ ይወርዳል።»

ሶዳ ይህን እየሰማ አዛጋ። ሺራኪ ግን ጠመኔ ለምና ክሪኩ አንገት ላይ፣ አሁን የቆመበት ከፍታ ጋ መስመር አሰመረች። ጂፗን ማንም እንዳይነካት አዘዘች፤ ሥሯም ሰው እንዳይገባ።

ከዚያ ግድግዳውን ማየት ያዘች። ቶኪጂ ለእያንዳንዱ መሣሪያ በነጭ ቀለም ቅርጹን ሥሎ ቦታ ሰጥቶታል። የብረት እግሮቹም ተደርድረው ተሰቅለዋል፤ አራቱ ከፍ ዝቅ የሚለውን ጥርሳም አንገታቸውን ወደ ውስጥ ከተዋል፣ አምስተኛው ግን አንገቱ ወጥቶ ሦስተኛው ጥርስ ላይ ቆሟል። ከጂፗ አጠገብ የወደቀው እግርም አንገቱ ሦስተኛው ጥርስ ላይ ነው። አንገቱን ዝቅ ሳያደርግ እግር የሰቀለ ሰው ምን እንደሚደርስበት ጁንጎን ጠየቀችው። ምሳ አይበላም አላት፤ የምሳ ሰዓቱ እስኪያልፍ እዚያው ተንበርክኮ «አንገት፣ ደህና» እያለ ይጠራል። እዚህ ቤት የሠራ ሁሉ ተንበርክኳል፤ ወንድምየው ሪዮሳኩ ሳይቀር፣ በልጅነቱ።

ቀጥላ የሞተሩን ክዳን ከፈተችው። የባትሪው ጥቁር ሽቦ ተፈትቶ፣ ጫፉ በአራት በታጠፈ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ተጠቅልሏል። ሬሳው እጅ ውስጥ ደግሞ መሞከሪያ አምፖል ነበረ፤ የሽቦው ጫፍ አሁንም ከጂፗ ሆድ ሥር እንደተቆነጠጠ ነው። ጂፗ የመጣችው የፊት መብራቷ አልበራ ብሎ ነውና ቶኪጂ መብራቱ የት እንደተቋረጠ እየፈለገ ነበር።

«ይሄ አምፖል ያለ ባትሪ ይሠራል?» አለች።

«በጭራሽ» አለ ጁንጎ።

«ባትሪውን የፈታኸው አንተ ነህ?»

«አይደለሁም። ምናልባት ረስቼ...»

«ጁንጎ፣ ምናልባት ረስቼ የምትለውን ነገር ለዛሬ ተውልኝ።»

ሪዮሳኩ ጓሮ በረዶው ላይ ቆሞ ሲጋራ ያጨሳል። የመንደሩ አዳኞች አለቃ ነው፤ ጂፗም የሱ ናት፤ አጋዘን ተከትሎ ዳገት የሚወጣባት። በወንድሙ ሞት አዝኖ እንደሆነ ስትጠይቀው ፊት ለፊት አላዘንኩም አላት። ባለፈው ክረምት ቶኪጂ በአዳኞቹ ሁሉ ፊት ጠመንጃውን ቀምቶታል። ጥይት ማውጣቱን ጠቁሞ ስላልጠራ በረዶ ላይ አንበርክኮ እንደ ሕፃን አስጠርቶታል።

«እኔ ብገድለው ኖሮ በጠመንጃ ነበር የምገድለው፤ ያውም ጠቁሜ፣ ጠርቼ» አለ። «ዛሬ ወንዙ ዳር ውሾቼን ይዤ ነበር። ጓ የሚል ሰማሁና ሮጥኩ። ስገባ ጁንጎ ሲጋራዬን ከአፌ መትቶ ጣለው፤ ለካ ቤንዚን ይንጠባጠብ ኖሯል። እኔ የት ላውቅ፤ እዚያ ሁሉ ቤንዚን መካከል እያጨስኩ ቆሜያለሁ።»

ሳዮን ያገኘቻት ወጥ ቤት ነው። ፍጁል ጨው ውስጥ እየቀበረች ነበር። ባሏ ሞቶ ፍጁል ትቀብራለች ብሎ የሚያማ ጎረቤት አይጠፋም፤ ሺራኪ ግን ለፍርድ አልቸኮለችም። ኪሷን ዳብሳ አንድ ፍሬ አኩሪ አተር ቆረጠመችና ስለ ጠዋቱ ጠየቀቻት።

«እንደ ሁልጊዜው ጠራ» አለች ሳዮ። «እኔም እንደ ሁልጊዜው ከዚሁ መስኮት መለስኩ።»

«የማዶውን እግር አይተዋል?»

«መስኮቱን እንፋሎት ሸፍኖት ነበር። በልማድ ነው ደህና ያልኩት። ከጁንጎ ጥፋት የኔም ድርሻ አለበት።»

«ጮክ ብለው ነው የመለሱት?»

«ካልጮኹለት አይሰማም። ሠላሳ ዓመት ጮኼለታለሁ፤ ጉሮሮዬ ለሌላ ነገር አልተፈጠረም።»

ሺራኪ በመስኮቱ አሻግራ አየች። ጂፗ በማዶው ወገኗ፣ ከክሪኩ ጋር፣ ወለል ብላ ትታያለች። መሣሪያ የሚሰቀልበት ግድግዳ ግን አይታይም። ከዚያ የልጃቸውን ፎቶ ማየት ትችል እንደሆነ ጠየቀች። ሳዮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየቻትና በጠባቡ ደረጃ ይዛት ወጣች። ታኩማ ከሙታን መታሰቢያው መሠዊያ መካከል በፎቶ ሆኖ ይስቃል። ፊቱ ትኩስ ሩዝ ቀርቦለታል፤ ሩዙ ሥር በአራት የታጠፈ ነጭ ጨርቅ ተነጥፏል። ክፍሉ ከጋራዡ በላይ ነው፤ በወለሉ ጣውላ መካከል የቤንዚን ሽታ ይወጣል።

«እሳት ቢነሳ መጀመሪያ የሚበላው ይህን ክፍል ነበር» አለች ሺራኪ።

ሳዮ የሩዙን ሳህን አስተካከለች።

ከጋራዡ ፊት ለፊት እማማ ኦኪኖ ቶፉ የሚባለውን የአኩሪ አተር አይብ ይሸጣሉ። እንደ ሳቸው ጆሮ የሚሠራ ጆሮ በአገሩ የለም፤ የሰው ሐሜት ቀርቶ የድመት እርምጃ አያመልጣቸውም። ሶዳ ጠይቋቸው እንደሆነ ሲጠየቁ ተቀየሙ። ያ ጎረምሳ ቶፉ በነፃ ሲፈልግ እንጂ ለቁም ነገር ደጄን ረግጦ አያውቅም አሉ።

«ዛሬ ጠዋት ጥሪውን ሰምተዋል?» አለች ሺራኪ።

«የሱን ሰማሁ። የሷ አልመጣም።»

«ምን ማለትዎ ነው?»

«አልመለሰችማ። ታኮ አለ፣ የማዶው እግር አለ፣ ዝም። ታኩማን አንምሰል አለ፣ ዝም። አሁን ስድቡ ይመጣል ብዬ ቶፉውን እንደያዝኩ ቆሜ ጠበቅሁ። ስድብም የለም። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ ጓ አለ።»

ሺራኪ ከኪሷ የቀረውን አኩሪ አተር ሁሉ እማማ ኦኪኖ መዳፍ ላይ አፈሰሰችላቸው።

ከቀትር በኋላ ሁሉንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሬሳው ተወስዷል። ሪዮሳኩ በሩን ተደግፎ፣ ሳዮ እጇን አጣምራ፣ እማማ ኦኪኖና እኛ ጎረቤቶች ደግሞ ሳንጠራ ሾልከን ገብተን ጥግ ይዘን ቆምን። ጁንጎ አሁንም ተንበርክኳል። ሶዳ ካቴናውን አውጥቶ ያንቀጫቅላል። ሺራኪ ማንቀጫቀሉን ተው አለችውና ክሪኩን አሳየችው።

«አርጅቷል፣ ቀስ እያለ ወረደ ብለኸኝ ነበር። ጂፗ ከጠዋት ጀምሮ በሱ ብቻ ቆማለች። መስመሬን እይ።»

ሶዳ ጎንበስ ብሎ አየ። ክሪኩ ከጠመኔው መስመር የፀጉር ያህል እንኳ አልወረደም።

«ክሪኩ ደህና ነው። የወረደው፣ ሰው ስላወረደው ነው። ጁንጎ ሊያነሳት ሲል ዘንጉ ተፈትቶ ነው ያገኘው። በራሱ የሚፈታ ዘንግ የለም፤ ቶኪጂም ከሥር ተኝቶ ሊፈታው አይደርስበትም።»

ቀጥላ ወደ ግድግዳው አነከሰች። አንገቱ የወጣውን እግር ከቦታው አንስታ ከወደቀው ጋር ጎን ለጎን አቆመችው። እኩል ሆኑ። ጁንጎ ቀና አለ።

«ይህ እግር ረስተውት ግድግዳ ላይ የቀረ ቢሆን እንደ ጓደኞቹ አንገቱ ገብቶ በተገኘ ነበር» አለች። «ሦስተኛው ጥርስ ላይ ያወጣው ጁንጎ ነው፤ ለዚችው ጂፕ ከፍታ ለክቶ፣ ከማዶው በኩል አቁሞታል። ጁንጎ፣ አልረሳህም።»

ጁንጎ አለቀሰ። የሰው ዕንባ በብዙ ምክንያት ሲወርድ አይቻለሁ፤ አልረሳህም ስለተባለ ያለቀሰ ያየሁት ግን እሱን ብቻ ነው።

«እሱ ዕቃ ሊያመጣ ሲሄድ አንድ ሰው ገባ» ብላ ቀጠለች። «ክሪኩን ጥቂት ከፍ አድርጎ ጂፗን ከእግሩ አላቀቃት፤ የማዶውን እግር ጎትቶ አውጥቶ ቦታው ላይ ሰቀለው። አሰቃቀሉን ግን አያውቅም። አንገቱን ሳያስገባ ሰቀለው። እዚህ ቤት ተንበርክኮ የተማረ ሰው ይህን አይስትም። ስለዚህ ጁንጎ አይደለም፤ ሪዮሳኩም አይደሉም።»

ሪዮሳኩ ሲጋራ ሊያወጣ ኪሱ ያስገባውን እጁን ባዶውን መለሰው።

«ሁለተኛው ነገር ባትሪው ነው። ሟች በእጁ የያዘው አምፖል ያለ ባትሪ አይበራም። እሱ ሥር ሲገባ ባትሪው ታስሮ ነበር፤ የተፈታው ከወደቀችበት በኋላ ነው። ለምን? ጂፗ ስትወድቅ የቤንዚኑ ቱቦ ተሰበረ። ገዳዩ ብልጭታ እንዳይነሳ ፈራ። ሰው ከመኪና ሥር እያጣጣረ እሱ ሽቦ ፈትቶ፣ ጫፉን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ ቤቱን ከእሳት አዳነ። ታዲያ እዚህ ቤት ውስጥ ከሰው ነፍስ ይልቅ እንዳይቃጠል የሚሳሳለት ነገር ምንድን ነው?»

ማንም ወደ ላይ ቀና ብሎ አላየም። ሁላችንም ግን ከጣሪያው በላይ ማን እንደሚስቅ እናውቃለን።

«ሦስተኛውን የነገሩኝ እማማ ኦኪኖ ናቸው። ቶኪጂ ጠራ፤ መልስ አልተሰማም፤ ስድብም አልተሰማም። እሱ ደግሞ መልስ ሳያገኝ ሥር አይገባም። እንግዲህ መልስ አግኝቷል ማለት ነው። መንገዱ ማዶ ያልተሰማው ስላልተጮኸ ነው። ያልተጮኸውም መላሹ እዚሁ፣ አጠገቡ ቆሞ ስለነበረ ነው።» ወደ ሳዮ ዞረች። «መስኮቱን እንፋሎት ሸፍኖብኛል፣ ቀርቤ ልይልህ ብለው መጡ መሰለኝ። እሱም ዛሬስ ተጠነቀቀች ብሎ ሳይደሰት አልቀረም። ጣቱን ወደ ማዶ ቀሰረ። ጣቱ ይጠቁማል፣ አፉ ይጠራል፤ የማየቱ ሥራ ግን የእርስዎ ነበር። እግሩ እንደሌለ እያወቁ ቀስ ብለው ደህና አሉት። ሲገባ ዘንጉን ፈቱት። ለኔ ግን ከመስኮት ጮኼ መለስኩ አሉኝ።»

ሳዮ እጇን ፈታች። መካድ ቀርቶ ዓይኗን እንኳ አልሰበረችም።

«እትዬ» አለ ጁንጎ፣ «ይሄ እውነት አይደለም በይ።»

«እውነት ነው» አለች። ከዚያ ለሺራኪ ሳይሆን ለሱ፣ ለጁንጎ፣ ትናገር ጀመር። «አፍንጫህ የተላጠ ቀን መስኮቱ ላይ ነበርኩ። እግሩን ልታስገባ አጎንብሰሃል። ስትጠራ ድምፅህ ቀጥኗል ብሎ ባሌ ዘንጉን ፈታ አደረገው። መኪናዋ ወርዳ አፍንጫህ ላይ ስትቆም እየሳቀ ምን እንዳለህ ታስታውሳለህ?»

ጁንጎ አፍንጫውን ዳበሰ።

«‹ያኔ እጄ ትንሽ ፈጥኖ ነበር፤ አሁንማ ለምዶልኛል› አለህ። ያኔ ማለት መቼ እንደሆነ ለእናት አይነገራትም።»

ሶዳ ካቴናውን ቀስ ብሎ ኪሱ ከተተው።

«ሊያስደነግጠው ነበር» አለች ሳዮ። «ልጄን። ሳይጠራ አጎነበሰ ብሎ ሊቀጣው። ገድሎት ሲያበቃ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። በየማለዳው እኔን በገዛ አፌ ልጄን አስረገመኝ፤ እኔም ረገምኩት። አንተ ግን ልጄ የሞተ ቀን እዚሁ ቆመህ ነበር። የባሌን እጅ ዘንጉ ላይ አይተሃል። ፖሊስ ሲጠይቅህ ታኮ አላደረገም አልክ። ከዚያ በየማለዳው እኔ ስጮህ እየሰማህ ሥራህን ትሠራ ነበር።»

«ስለዚህ ጥፋቱን በኔ ላይ...» አለ ጁንጎ።

«አዎ። ልጄ ያላጠፋውን ይህን ያህል ዘመን ከተሸከመ፣ አንተም ያላጠፋኸውን ብትሸከም ምናለበት አልኩ። ተንበርክከህ ጥፋቱ የኔ ነው ስትል ጠዋት ሙሉ ሰማሁህ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። አላለኝም፤ ግን ዝም አልኩ።»

ሺራኪ ወደ ጁንጎ ጎንበስ ብላ ነፃ መሆኑን፣ መነሳት እንደሚችል ነገረችው። አልተነሳም። ነፃ ያወጣችው ከእስር ነው፤ ከሌላው ልታወጣው አትችልም። ሬሳ ሲያይ ያልቀፈፈው ሪዮሳኩ እንኳ ፊቱን ወደ በረዶው አዞረ።

ሳዮን ሲወስዷት ደጃፉ ላይ የቆመው የፖሊስ መኪና በር ጋ ቆመች። ሺራኪ ከግድግዳው ታኮውን አውርዳ ይዛው መጥታ፣ ይህን ይፈልጉት እንደሆነ ብላ አቀረበችላት።

«እሱ የልጄ አይደለም» አለች ሳዮ፤ አልነካችውም። «የልጄ ታኮ የት እንደነበረ የሚያውቅ አንድ ሰው ነው። ይጥራው።»

ጁንጎ ለመነሳት ሁለት እጁን ሲሚንቶው ላይ አስደግፎ ታገለ። ጉልበቱ ደንዝዞ ነበር፤ የያዘው ሰው ግን የለም። ቀጥ ብሎ ቆመ። ጣቱን ቀስሮ ጋራዡ መካከል ባዶ ሲሚንቶ ላይ ጠቆመ። መጀመሪያ ድምፁ አልወጣም።

«አይሰማም» አለች ሳዮ።

«የታኩማ ታኮ፣» ብሎ ጮኸ፤ «ጎማው ሥር ነበር! የታኩማ እግር፣ እጁ ላይ ነበር! ሊያስገባው ነበር! ዘንጉን የፈታው አባቱ ነው!»

የጋራዡ ቆርቆሮ ጣሪያ ድምፁን አስተጋባው። ሳዮ የፖሊስ መኪናው ውስጥ አንድ እግሯን አስገብታ፣ የመኪናውን በር በእጇ እንደያዘች አዳመጠችው። ከዚያ ሠላሳ ዓመት በሠራችበት በዚያው ጉሮሮ መለሰችለት።

«ደህና!»

ከድልድዩ ማዶ ሰዎች ወጥተው አዩ። ሩዝ የሚጣድበት ሰዓት አልነበረም።